ከግራፉ በስተግራ ያለችው ትንሽ ጉብታ

እህቴ ሳሎኑን በእበት የምትለቀልቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ወንበሩን ሁሉ ደጅ ታወጣና ቀሚሷን ሰብስባ ትንበረከካለች። ከጎረቤት ያመጣችውን ትኩስ እበት በውሃ አቅጥና ከጓዳው በር ትጀምራለች፤ ወደ ኋላዋ እየተጎተተች በረንዳው ላይ ትጨርሳለች። ሚዛን ተፈሪ ዝናቡ ወር የማይመርጥ አገር ነውና የአፈር ወለል ሳምንት አይቆይም። ከላይ ጭቃ የረገጠ ጫማ ይልጠዋል፣ ከሥር እርጥበቱ ያነሳዋል። ልጅ ሆኜ የእበቱን ሽታ እወደው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስመለስ ግን እህቴ ከወለሉ ስትነሳ ጉልበቷን ይዛ የምታሰማውን ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ቤት መሆን አልወድም።

እትዬ ነው የምላት። አባታችን ከጉራጌ አገር መጥቶ ሚዛን ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። እሱም እናታችንም ቶሎ ሲሞቱብን እኔ ፊደል እንኳ አልቆጠርኩም፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሱቁ ሲዘጋ ቡና መፈልፈያ ገብታ ለቃሚ ሆነች፤ ቀኑን ሙሉ ከቡናው ላይ ጠጠርና ጥቁር ፍሬ ስትለቅም ትውላለች። ባል ሳታገባ የቀረችው በኔ ምክንያት ነው የሚል ሰው ሰፈራችን ውስጥ አይጠፋም። አንድ ቀን ይህንኑ ብጠይቃት «የመጡት ሁሉ አስቀያሚ ነበሩ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ከሚሌኒየሙ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቴፒ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር፤ ማስተርሴንም እዚያው እሠራለሁ። ርዕሴ ጂኦፖሊመር ነበር። ስሙ ያስፈራል እንጂ ያለ ሲሚንቶ የሚሠራ ሲሚንቶ በሉት። ሸክላ አፈር ይተኮሳል፣ ይደቃል፣ ከዚያ ቆዳ በሚበላ ኃይለኛ አልካሊ ይቦካል። አፈሩ ውስጥ ያሉት ሲሊከንና አሉሚኒየም ከድሮ ቤታቸው ይፈቱና እንደ አዲስ ተያይዘው ይጠናሉ። የኔ ብልጠት አልካሊውን ከቡና ገለፈት አመድ ማውጣቴ ነበር። ገለፈት በኛ አገር ሞልቷል፤ ከየመፈልፈያው ጀርባ ተቆልሎ ይበሰብሳል።

ገለፈቱን በጆንያ እየተሸከመች የምታመጣው እትዬ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ አንድ ጆንያ ጀርባዋ ላይ ታደርጋለች። ቤት ታቃጥለዋለች፣ አመዱን በወንፊት ትነፋዋለች፣ በላስቲክ ቋጥራ ቴፒ በሚወርድ ሚኒባስ ትልክልኛለች። እኔ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ይሄ ሁሉ አመድ ምን ይሠራልሃል?» አላለችኝም፤ ለትምህርት ከተባለ ለሷ በቂ ነው።

ሊጡ ጠነከረ ማለት ግን ለኬሚስት አይበቃውም። ጭቃም ሲደርቅ ይጠነክራል። ከውስጥ እውነት ተያይዟል ወይ የሚለውን የሚነግረኝ ኢንፍራሬድ ነው፤ ዓይን የማያየው ጨረር። በናሙናው ውስጥ ሲያልፍ አቶምና አቶም የተሳሰሩበት እያንዳንዱ ማሰሪያ የራሱን ድርሻ ውጦ ይርገበገባል፤ ማሽኑም የተዋጠውን በግራፍ ላይ ጉብታ ጉብታ አድርጎ ይሥለዋል። ለተማሪዎቼ በክራር ጅማት ነበር የማስረዳቸው። የተወጠረ ጅማት ቀጭን ድምፅ ያወጣል፣ የላላ ወፍራም። ሲሊከንንና ኦክስጅንን ያሰረው ጅማት በተተኮሰ አፈር ውስጥ ጉብታው ከግራፉ ሥር በተደረደሩት ቁጥሮች ሺህ ሰማንያ ገደማ ላይ ነው። አሉሚኒየም መሐላቸው ሲገባ ጅማቱ ይላላና ጉብታው ወደ ሺህ ይወርዳል። ከወረደ ጂኦፖሊመር ሠርተሃል፤ ካልወረደ ጭቃ አድርቀሃል።

ማሽኑ የነበረው አዲስ አበባ ስለሆነ ናሙና ቋጥሬ፣ ተራ ለምኜ እሄዳለሁ። ናሙናው ፖታሺየም ብሮማይድ ከሚባል ጨው ጋር ይፈጭና በመጭመቂያ እንደ መስተዋት የጠራች ትንሽ ክብ ይሆናል። ጨዉ ታዲያ እርጥበት ወዳጅ ነው፤ የኔ ናሙና ገና ሲነካው ይደፈርሳል። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ገና ከበር ስታየኝ ትስቅ ነበር።

«ናሙና ነው ወይስ ዝናብ ነው የምታመጣልኝ?» ትለኛለች።

እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት ቴፒ ሙቀት ውስጥ ያጠናኋቸው ትንንሽ ጡቦች ጉብታቸው ወረደ። ወደ ሺህ ወረደ። ግራፉን በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቀጥታ ሚዛን ሄድኩና ለእትዬ አሳየኋት። አገላብጣ አየችው።

«ታዲያ ይሄ ጥሩ ነው?»

«በጣም!»

«እንኳን ደስ ያለህ የኔ ጌታ» አለችና ስልኬን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ መለሰችልኝ።

ያን ቀን ነው ቃል የገባሁላት። ሳሎኑን በዚህ ነገር እሠራልሻለሁ፣ ከእንግዲህ እበት በእጅሽ አትነኪም አልኳት። የመስቀል ዕለት ከአገር ቤት የሚመጡ ዘመዶች ነበሩ፤ ለነሱ እንዲደርስላት ፈለገች። እኔም እንዲደርስ ፈለግኩ፣ ምክንያቴ ግን ሌላም ነበር። ጡብ ማንም ይሠራል፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ የተነጠፈ ወለል ግን የመመረቂያ ጽሑፌን ከጓደኞቼ ሁሉ ከፍ ያደርገዋል። አማካሪዬ ሐሳቤን ሲሰማ ጥር እስኪገባ ጠብቅ፣ ሚዛን በክረምት ምንም ነገር በደንብ አይጠናም አለኝ። እሺ ብዬው ጳጉሜ ላይ ነጠፍኩት።

ሥራው ደስ ይል ነበር። ጓንትና ቦት አድርጌ አቦካሁ፣ አፈሰስኩ፣ በጣውላ ደለደልኩ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ እንዳትጠጋ ከልክያታለሁ። ስጨርስ ወለሉን በሰፊ ላስቲክ ሸፈንኩት። ሲሚንቶ ቢሆን ውሃ ይጠጣል፤ ይሄኛው ግን ውሃ ጠላቱ ነው። ገና ሳይያያዝ ውሃ ካገኘው አልካሊው ታጥቦ ይወጣል። ላስቲኩ የራሱን እርጥበት እንዳያጣ፣ የውጪውም እንዳይገባበት ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለተማሪ ሦስቴ የማስረዳ ሰው ነኝ። በማግስቱ የማሽኑ ተራ ደረሰህ ተብዬ ተደወለልኝና ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ስሮጥ ለእህቴ ያልኳት «አትንኩት» ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ማሽኑ ተበላሽቶ ቆየሁ። ኔትወርክ ሲገኝ ለእትዬ እደውላለሁ።

«ወለሉ እንዴት ነው?»

«አታስብ፣ እየተንከባከብነው ነው» ትለኛለች።

እንዴት አድርጋችሁ ብዬ አልጠየቅኳትም። ሐሳቤ ማሽኑ ላይ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ነው የምዘጋባት።

ሰፈራችን ውስጥ አዲስ የሲሚንቶ ወለል ሲሠራ ውሃ ማጠጣቱ የባለቤቱ ብቻ ሥራ አይደለም። ጎረቤት ጄሪካኑን ይዞ ይመጣል። ጠዋትና ማታ እየተፈራረቁ ያረሰርሱታል፤ እንዳይሰነጠቅ። ልጅ ሆኜ የስንት ሰው ወለል እንዲህ አጠጥቻለሁ። ተምሬ ረሳሁት መሰለኝ።

ለመስቀል ስመለስ በሩ ክፍት ነበር። ላስቲኩ በረንዳው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ሳሎን ውስጥ እትዬና አጥር የምትጋራን የቤንች ተወላጅ ሴትዮ፣ ወለሉ ላይ በተጋደመ ጣውላ ላይ ጎንበስ ብለው ውሃ እያርከፈከፉ ነው፤ ሦስተኛ ሴት ከኋላቸው ቆማለች። ወለሉ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል፣ ጨው እንደተነሰነሰበት። አልካሊው ነው። እንዳየሁት ገባኝ።

ጎረቤታችን ስታየኝ ደስ ብሏት ቀና አለች። «ና፣ እይ። እኛ ነን አጠጣን። ምንጭ ድረስ ወርደን ነው። አንድ ቀን አልተጠማም።»

እኔ ጮህኩባት። ያቺን ሴትዮ፣ በልጅነቴ ትኩሳት ሲይዘኝ ያዘለችኝን ሴትዮ፣ ቤታችን ውስጥ ጮህኩባት። «አትንኩት አላልኩም? ማን ንኩ አላችሁ?» አልኩ። ጄሪካኗን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ ያልኳቸው» አለች እትዬ። «አልረገጥነውም እኮ። አትንኩት ስትል እንዳንረግጠው መስሎኝ ነው።»

ሴቶቹ ሲወጡ እጇን አየሁት። በየቀኑ የሚወጣውን ነጭ ነገር በእርጥብ ጨርቅ፣ በባዶ እጇ ስትጠርግ ሰንብታለች፤ ወለሉ አምሮ እንድቀበለው። ጣቶቿ ጫፍ ጫፋቸው ቀልቶ ተልጧል፣ መዳፏ ተሰነጣጥቋል። እኔ ጓንት አድርጌ የነካሁትን ነገር ነው በእጇ ስትጠርግ የከረመችው። ምን ሆነሽ ነው ስላት ለበዓሉ በርበሬ ስቀነጥስ ነው አለችኝ። በርበሬ እንዲህ አያደርግም። እጇ ላይ ብዙ ውሃ ሳፈስ ቆየሁና ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ የሚቀባ ሰጧት። ነርሷ በምን ነው ብላ ስትጠይቅ እትዬ ቀድማኝ «በሳሙና» አለች።

መስቀልን በዚያ ወለል ላይ አከበርን። ዘመዶች መጡ፣ ክትፎ ተበላ፣ ወለሉንም አደነቁ። እትዬ ሳህኑን በጣቶቿ ሳይሆን በመዳፏ ጠርዝ ይዛ ስታቀርብ አያለሁ። አንዱ አጎታችን ጫማውን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ልጅ አኮራን» አለ። የምገባበት ጠፍቶኝ ደጅ ወጣሁ።

ከበዓሉ በኋላ ወለሉ መፈርፈር ጀመረ። በእግር ሲረገጥ ዱቄት ያነሳል። ላፍርሰውና ወደ ድሮው ልመልስልሽ አልኳት። አልሰማ አለችኝ፤ አንተ የሠራኸውን አላስፈርስም ነው የምትለው። ምን እንደነካው ሳላውቅ እንዳልቀር ከወለሉ ቁራጭ ፈልፍዬ አዲስ አበባ ወሰድኩ።

ግራፉ ሁሉንም ነገር ተናገረ። ጉብታው ከሺህ ሰማንያ ተነስቶ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከጎኑ ካርቦኔት የሚባለው ጉብታ ቀና ብሎ ቆሟል፤ ታጥቦ የወጣው አልካሊ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ የሠራው ነው፣ እትዬ በጨርቅ ስትጠርገው የነበረው። የውሃው ጉብታ ደግሞ በግራ በኩል ሰፊ ሆኖ ተንሰራፍቷል። ጠዋትና ማታ ከምንጭ የተቀዳው ውሃ ነው፤ ይሄንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ግራፉን ለአማካሪዬ ሳሳየው ይቆጣል ብዬ ነበር። ተነስቶ ጨበጠኝ። ሁሉም ሰው የተሳካለትን ብቻ ነው የሚጽፈው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አይገኝም፣ ውሃ ጂኦፖሊመርን ገና ሳይጠና ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይወጣዋል አለኝ። ወጣውም። ከጻፍኳቸው ምዕራፎች የሚሻለው እሱ ነው። ስጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁንም የሚቆጨኝ ያ ደስታ ነው። እትዬ ሚዛን እጇን ቅባት እየቀባች፣ እኔ ቴፒ «ከውሃ ጋር ያለጊዜው መገናኘት» የሚል ርዕስ አሳምሬ አሰምር ነበር።

አማካሪዬ ወለሉን በዓይኑ ማየት ፈለገ። ግቢው መኪና ሰጠንና እሱ፣ ሌላ አንድ መምህርና እኔ ሚዛን እንድንሄድ ቀን ተቆረጠ። ለእትዬ ደወልኩላት። ሰዎች የተበላሸውን ወለል ሊያዩ ይመጣሉ፣ ብቻ እንዳለ ተይው አልኳት። መበላሸቱ ለኔ ጥሩ እንደሆነ ላስረዳት ስጀምር ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደግሜ መደወል እችል ነበር።

ስንደርስ ሳሎኑ ይሸታል። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ፣ ተለቅልቆ፣ ገና በደንብ እንኳ አልደረቀም። የጣቶቿ መስመር እንደ ድሮው ከጓዳው በር እስከ በረንዳው ይታያል። እትዬ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇን ነጠላዋ ሥር አድርጋ ቆማ ተቀበለችን።

«ወለሉ የታለ?» አለ አማካሪዬ ግራ ገብቶት።

«ከሥር አለ» አለችው። «ወለሉ ጥሩ ነው ጋሼ። እሱ በደንብ ነው የሠራው፤ እኛ ነን ውሃ አጠጥተን ያበላሸንበት። በሱ አይፍረዱበት።»

አማካሪዬ ደግ ሰው ነው፤ «ምንም አይደል እናቴ» አለና ቁና የሚያህል ቦታ ላይ እበቱን ፍቀን ቁራጭ እንድንወስድ ጠየቃት። የፋቅኩት እኔ ነኝ። ተንበርክኬ ስፍቅ እሷ ከላዬ ቆማ ሌላውን እንዳልነካባት «በቀስታ» ትለኛለች። ጠዋት እንዴት ተንበርክካ እንደሠራችው፣ በዚያ እጇ እንዴት እንደቻለችው ጠይቄ አላውቅም።

የዚያ ናሙና ግራፍ ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል። በግራ በኩል፣ ከሰፊው የውሃ ጉብታ እግር ሥር፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አካባቢ ላይ ትንሽ ሹል ጉብታ አለች። ካርቦንና ሃይድሮጅን የተሳሰሩበት ቦታ ነው፤ በተተኮሰ አፈር ውስጥ አይገኝም፣ ሣር የበላ ከብት የጣለው ነገር ውስጥ ግን ሞልቷል። እበቱ በቀዳዳው ሰርጎ ገብቶ ኖሯል። ያቺን ግራፍ ከምዕራፉ ማውጣት አልተቻለም፤ ከወለሉ የተወሰደ የመጨረሻ ናሙና ስለሆነች አስፈለገች።

ጽሑፌን የተከላከልኩት ቴፒ ግቢ አዳራሽ ውስጥ ነው። እትዬ ከሚዛን መጣች። መጨረሻ ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድም ቃል የማይገባትን እንግሊዝኛ ቀጥ ብላ ስታዳምጥ ዋለች። ጥያቄው ደህና ሄደልኝ። በመጨረሻ ፈታኙ በጨረር ብዕሩ ግራፉ ላይ ያቺን ትንሽ ጉብታ ጠቆመና «ይህቺ ምንድን ናት?» አለኝ።

ወረቀቶቼን አገላበጥኩ። ቀና ስል እትዬ አንገቷን ሰግጋ ታየኛለች። እበት ናት ማለት አፈርኩ፤ ሰዎቹ ፊት፣ ሱፍ ለብሼ። በእንግሊዝኛ «ከውጭ የገባ ቆሻሻ ነው፤ ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም» አልኩ። ፈታኙ ራሱን ነቀነቀና ሌላ ገጽ ገለጠ።

አልፈሃል ተብዬ ስንወጣ ለስላሳ ይዘን ከካፌው ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ጠርሙሱን የያዘችበትን እጇን እያየሁ ነበር። ድኗል፣ ግን ቆዳው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ያበራል።

«ያ ሰውዬ ትንሿን ነገር ሲያሳይህ ደነገጥክ» አለችኝ። «ምን ነበረች?»

«ያንቺ ናት» አልኳት። «የለቀለቅሽው እበት ነው። ማሽኑ አይቶታል።»

ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠች። «እኔን! ታዲያ ምን አልካቸው?»

«ቆሻሻ ነው አልኳቸው።»

እንድትቆጣኝ ጠበቅኩ፤ ብትቆጣኝ እወድ ነበር። እሷ ግን ወደ አዳራሹ በር ዞር ብላ አየች፣ ፈታኞቹ እየሳቁ ይወጣሉ። ከዚያ እጇን ነጠላዋ ሥር አስገባችና ወደኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አሳፈርኩህ አይደል?» አለችኝ። «ይቅር በለኝ። እንዳያዩብህ ብዬ ነው እኮ።»